የሰው እንግሊዝኛ ሳርም የገጠመኝ

በ1998 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ነበር። ሥራዬ የእጅ ጽሑፉን እንዳለ መገልበጥ ነው፤ ማረም አልተፈቀደልኝም። አሠሪዬ «ስሕተቱም የደንበኛው ንብረት ነው» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጦ የሚጠብቅ ተመራቂ ከቃላቱ ሥር የሚሰመረው ቀይ መስመር ዓይኑን ወጋው። «ይህን ቀይ ነገር አጥፋልኝ» አለኝ። ቃሉን ማስተካከል እንደሚቻል ብነግረው ጊዜ የለኝም አለ። የፊደል ማረሚያውን ዘጋሁት፤ ገጹም ጥርት አለ። ተማሪው ደስ ብሎት ከፍሎ ሄደ። በሳምንቱ ጽሑፉን ይዞ ሲመለስ ቀዩ ሁሉ በአማካሪው እስክሪብቶ ተመልሶ ነበር።

ያን ወረቀት አሠሪዬ ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብለን አብረን አረምነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ ለትምህርት የሚያመለክቱ፣ ለለጋሽ ድርጅት ሪፖርት የሚጽፉ፣ አሜሪካ ላለ ዘመድ የኤምባሲ ደብዳቤ የሚያዘጋጁ ሰዎች ጽሑፋቸውን ያመጡልኛል። እንግሊዝኛን እኔም ከእናቴ ጡት ጋር አልጠባሁትም። ምናልባት የሚጠቅመኝ ይኸው ነው፤ ደንበኛዬ የወደቀበትን ጉድጓድ ወድቄበት አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ የማርመው እንደ ክፍል መምህር ነበር። የጎደለውን «ዘ» አስገባለሁ፣ የተረሳውን የብዙ ቁጥር «ኤስ» እለጥፋለሁ፣ ጊዜውን አስተካክላለሁ። ወረቀቱ በእርሳስ ይጠቁራል፣ ደንበኛው ይደነቃል፣ እኔም እኮራለሁ። ግን ሲነበብ አሁንም ይጎረብጣል። ሰዋስዉ ተስተካክሎ ነገሩ ለምን እንደማይገባ ለረጅም ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። የገባኝ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ባመጣችው የአንድ ገጽ ሪፖርት ላይ ነው።

በሪፖርቱ መካከል ወረቀቱን ከግማሽ በላይ የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልያዝ ሲለኝ ወረቀቱን ገለበጥኩና «ሲስተር፣ ወረቀቱን ተዪውና በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ሳትደናቀፍ እንዲህ አለች፦ «በጤና ጣቢያችን መብራት ለሦስት ቀናት በመጥፋቱ ምክንያት በማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረው ክትባት ሙቀቱ ከሚፈለገው በላይ በመሆኑ ተበላሽቶ ሊወገድ ችሏል።»

እንከን የማይወጣለት አማርኛ ነው። በመጥፋቱ፣ በመሆኑ፣ ተበላሽቶ እያለ አንዱ ግሥ ሌላውን እየጎተተ መጨረሻ ላይ በማሰሪያው አንቀጽ ያርፋል። እኛ እስከዚያ ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን መጠበቅ ለምደናል። እንግሊዝኛ ግን ገና ከመነሻው ማን ምን እንዳደረገ ማወቅ ይፈልጋል። ነርሷ የጻፈችው እንግሊዝኛ ይህንኑ የአማርኛ ሰንሰለት ቃል በቃል ተከትሎ የተዘረጋ ስለነበር፣ ብረቱን ሳይፈቱ ቀለበቶቹን ብቻ መወልወል ዋጋ አልነበረውም።

ከሁሉ የባሰው መጨረሻው ነው። «ሊወገድ ችሏል» የሚለውን ክትባቱ መወገድን «እንደቻለ» አድርጋ ጽፋዋለች፦ «ዋዝ ኤብል ቱ ቢ ዲስፖዝድ»። በአማርኛ ለምደነዋል፤ በዜና «በአደጋው ሦስት ሰዎች ሊሞቱ ችለዋል» ሲባል ደንግጦ ሬዲዮውን የሚያጠፋ የለም። በእንግሊዝኛ ግን ሟቾቹ ለመሞት ሲጥሩ ቆይተው በመጨረሻ የተሳካላቸው ይመስላል። (በአማርኛውስ ቢሆን ያምርበታል ወይ? እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሊሞቱ ችለዋል» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል።)

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ።

«መብራት የጠፋው መቼ ነው?»

«ዓርብ ማታ።»

«ጀነሬተር የላችሁም?»

«አለን፤ ነዳጅ አልነበረውም።»

«መበላሸቱን ማን አወቀ?»

«እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቴርሞሜትሩ 14 ያሳያል።»

«ማን አስወገደው?»

እዚህ ላይ ዝም አለች። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቀመጥ እንዳለበት እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ የተወገደው በደንቡ መሠረት ነው፤ ኃላፊውም ፈርመዋል። ዝም ያሰኛት «ተወገደ» የሚለው ቃል እስከዚያ ድረስ ለሁሉም ጥላ ሆኖ መቆየቱ ነው። አድራጊውን መሸሸግ በመሥሪያ ቤት አማርኛ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ስም መጥራት እንደማያስፈልግ፣ ጤና ጣቢያውን አድራጊ ማድረግ እንደሚበቃ ተስማማን። ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር አራት አጫጭር ሆነ፦ መብራት ዓርብ ማታ ጠፋ። ጀነሬተሩ ነዳጅ ስላልነበረው አልሠራም። ሰኞ ጠዋት የማቀዝቀዣው ሙቀት 14 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ጤና ጣቢያው ክትባቱን አስወገደ። እንግሊዝኛዋ ለዚህ ይበቃታል፤ ሳልነካው ራሷ ጻፈችው። የነዳጁ ነገር በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ለጋሹ ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ጽሑፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ከሥሩ የተኛውን አማርኛ ነው። አብዛኞቻችን ላይ አለ፤ የሚያሳፍርም አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ ተምረን፣ ስንመረቅ ብዙዎቻችን ተመልሰን በአማርኛ ወደሚጻጻፍ መሥሪያ ቤት እንገባለን። እንግሊዝኛው የፈተና ልብስ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ በወጣ ጊዜ መጨማደዱ አያስገርምም።

አማርኛው ብቅ የሚልባቸውን ቦታዎች በልምድ ለይቻቸዋለሁ። «ስሜ እገሌ ይባላል» ከሚለው «ማይ ኔም ኢዝ ኮልድ» ይወለዳል፤ «ይባላል» የሚለውን አውጥቶ መጣል ብቻ ነው። «የአንደኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት ደሴ ነው» ከሚለው «አይ ለርንድ ማይ ኤሌመንተሪ ኤጁኬሽን» ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ትምህርት ይማሩታል፤ በእንግሊዝኛ ግን ትምህርት ቤቱን ነው የሚከታተሉት፣ ግሡም «አተንድ» ነው። «በጣም» ደግሞ ለ«ቬሪ»ም ለ«ቱ»ም ስለሚያገለግለን «ዩኒቨርሲቲያችሁ ስለተቀበለኝ በጣም ደስ ብሎኛል» ለማለት «አይ አም ቱ ሃፒ» ብለን ስንጽፍ ደስታችን ከልክ ያለፈና የሚያሰጋ ይሆናል። «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ግን መጣሁ» በአማርኛ ሦስት ማያያዣ ቢኖረውም ሰው አይከፋውም። እንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካለ «ባት» አይልም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «ሁለቱም አልመጡም» ከሚለው የተወለደው «ቦዝ ዲድ ኖት ካም» ደግሞ ምናልባት አንዱ መጥቷል ብሎ ያጠራጥራል፤ «ናይዘር» የምትባለው ቃል የተፈጠረችው ለዚህ ነው። «ከ2010 ጀምሮ እዚህ እየሠራሁ ነው» ሲተረጎም የሚጠይቀው የግሥ ጊዜ በአማርኛ ስለሌለ፣ ስንት ሰው በሕይወት ታሪኩ ላይ ያለበትን ሥራ የለቀቀ አስመስሎ እንደሚጽፍ ብትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ።

በደብዳቤ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው የመሥሪያ ቤት መክፈቻ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አንባቢው ሙከራው ከሸፈ ብሎ ያስባል። ተሞከረ እንጂ ተሳካ አልተባለማ! እንዲህ ያለውን አላርመውም፣ ሙሉ በሙሉ እሠርዘዋለሁ። ደንበኞቼ ይህን ይከራከሩኛል፤ ባዶ ይመስላል፣ ድፍረት ይመስላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ «እርስዎ» እና «አንተ» አንድ «ዩ» ሆነው ሲቀሩ አክብሮቱ መድረሻ ስለሚያጣ በ«ኦነረብል» እና በ«ካይንድሊ» ሊክሱት ይሞክራሉ። አክብሮቱን ከቃል አንሥቶ ወደ ሥርዓቱ ማዛወር እንደሚቻል አስረዳለሁ፦ የተቀባዩን ስም በትክክል ጽፎ፣ ጥያቄውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጦ፣ ጊዜያቸውን ሳያባክኑ ማመስገን። አንድ «ካይንድሊ» ለሽማግሌ እተውላቸዋለሁ። በንጉሡ ዘመን ከህንዳውያን መምህራን የተማሩ ሰዎች ሲጽፉት ያምርባቸዋል።

አሁን ደግሞ ሰዋስው ጨርሶ ወደማይደርስበት ስሕተት ልምጣ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። ያቺው ነርስ በሌላ ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክት የሕይወት ታሪኳን አመጣች። እንግሊዝኛው ንጹሕ ነበር። በፓስፖርቷ የተወለደችው በ1991 ነው፤ በጽሑፉ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀችው በ2005 ነው። የውጭ አገር አንባቢ ሲቀንስ በ14 ዓመቷ ተመርቃለች! ፓስፖርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዲግሪው በእኛ መሆኑን እኔና እሷ እንጂ እነሱ ከየት ያውቃሉ? ሐምሌ 2005 ለእነሱ ሐምሌ 2013 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ በጅምላ 8 መደመርም ያሳስታል፤ ወሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለውጭ እንግዳው በላከው የግብዣ ወረቀት ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ምረቃ «ስሪ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይል ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። አንዲት ፊደል አልተሳሳተም፤ ግን እንግዳው ዶሮ ሳይጮህ፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በር ሊያንኳኩ ይችሉ ነበር። ስለዚህ የማንኛውንም ጽሑፍ ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና ቁጥር ከሰዋስዉ በፊት ለብቻቸው አያለሁ። ስም ስል የአባት ስምን ማለቴ ነው፤ በአንደኛው ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ከመጣ አንባቢው ሁለት ሰው ነው የሚያየው።

ቀዩ መስመርም ሁሉን አይዝም። «ማኔጀር» ብሎ ለመጻፍ ከመካከል አንዲት «ኤ» ከጎደለች የሚቀረው ቃል የከብት መመገቢያ ግርግም ነው፤ ይህም ትክክለኛ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሆነ ማሽኑ ዝም ይላል። አምስት ዓመት በግርግምነት ያገለገሉ ስንት ሰዎች እንዳረምኩ አልቆጠርኩም። ደንበኛ ለማለት የምንጽፈው «ከስተመር»ም «ዩ» እና «ኦ» ቦታ ሲለዋወጡበት የቲያትር ልብስ ሰፊ ይሆናል። እነዚህን ለመያዝ የማውቀው አንድ ብልሃት ጽሑፉን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እያነበቡ መሄድ ነው። ታሪኩ ስለሚቋረጥ ዓይን እየዘለለ አይሮጥም።

በየካቲት 2008 ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ሲያስገባ ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ኅዳር 2015 ቻትጂፒቲ ሲመጣማ ጓደኞቼ ሌላ ሙያ እንድፈልግ መከሩኝ። አሁን ደንበኞቼ ጽሑፋቸውን አስቀድመው በማሽን አሳምረው ነው የሚመጡት። አልጠላውም፤ የ«ዘ»ን እና የ«ኤስ»ን ነገር ከእኔ በተሻለ ይለቅመዋል። ችግሩ ያልገባውን ነገር አለመጠየቁ ነው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ የተበላሸ እህል «ሊወገድ ችሏል» የሚለውን የተለመደ እንግሊዝኛ ሰጥቶት፣ ማሽኑ «በተሳካ ሁኔታ ተወግዷል» አድርጎ አሰማምሮ መለሰለት። አደጋው ስኬት ሆነ። ከጠዋቱ 3 ሰዓትንም እንደዚያው ሳይነካ ያሳልፈዋል፤ ሰዋስዉ ልክ ነዋ። ማሽን ያሳመረውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሰው በቃል ለሰው ይንገሩት፤ ሊሉት የፈለጉት ካልሆነ ወዲያው ይታወቅዎታል።

እኔም ከማሽኑ ያልተሻልኩበት ጊዜ አለ። አንድ ወጣት ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያመለክትበትን ድርሰት አመጣልኝ። ሻካራ ግን ሕይወት ያለው ጽሑፍ ነበር። አባቱ በሬዎቻቸውን ሸጠው እንዳስተማሩት ይተርካል። እኔ ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ገባሁበት። «አልረሳውም» ያለውን «በልቤ የማይፋቅ አሻራ ጥሏል» አድርጌ «ኢንዴሊብል» የምትል ቃል ተከልኩለት፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም እንደ ሐር ክር አለሰለስኳቸው። ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ድርሰቱን ይዘው «ይህ የማይፋቅ ያልከው ነገር ምንድን ነው?» ሲሉት ቃሉን ስለማያውቀው የሚናገሩት ስለሌላ ጉዳይ መሰለው። ተመልሶ መጥቶ ሲነግረኝ አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ዕድሉን አላገኘም። ምክንያቱ ያ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ከዕዳዬ ቆጥሬዋለሁ። በሬዎቹ በነበሩበት ቢቀሩ ምን ነበረበት?

አሁን ባለቤቱ በቃል ሊያስረዳው የማይችለውን ቃል አላስገባም። መጀመሪያ እርሳስ ሳላነሣ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሁለተኛ ስመለስ የማሰምረው የተሳሳተውን ሳይሆን የቆምኩበትን ቦታ ነው፤ አንባቢ የሚደናቀፈው እዚያ ነውና። ከዚያ ባለቤቱን አስቀምጬ እያንዳንዱን መስመር «ምን ለማለት ነው?» እላለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ከተጻፈው ያጠረ ነው። ያን አጭር መልስ ራሱ ወይም ራሷ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉት አደርጋለሁ። «ዘ» እና «ኤስ» የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው። በኮምፒውተር የማርም ከሆነ ለውጡ ሁሉ በቀለም እንዲታይ አድርጌ እልካለሁ፤ የሰው ጽሑፍ ሳያውቀው አይለወጥም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ለቀድሞ ተማሪያቸው የጻፉትን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው መጡ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ለምን እንደመጡ አልገባኝም ነበር፣ አንዲት መስመር ላይ እስክደርስ። «ሂ ሃዝ ኤ ዋይድ ስቶማክ» ትላለች።

«ጋሼ፣ ይህቺ ሆድ...»

«ሆደ ሰፊ ነው ልጄ። ምን ልበለው ታዲያ?»

«‹ፔሸንት› ብንለውስ?»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ለሆስፒታል መሰለህ እንዴ የምጽፈው?» ብለው ሳቁ። ቃሉ በሽተኛ ማለትም ነው። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ትዕግሥት ብቻ አይደለም። ሆደ ሰፊ ማለት ሰው ሲያስቀይምህ ውስጥህ የምታስቀምጥበት ቦታ አለህ ማለት ነው። ፈረንጅ ለዚህ ቃል የለውም።»

«እንግዲያው ምን ሲያደርግ አይተው ነው ሆደ ሰፊ ያሉት?»

ጥቂት አሰቡ። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛው በሐሰት ሌባ ብሎ አስከስሶት ነበር። እውነቱ ሲወጣ ከሳሹ ከትምህርት ቤት ሊባረር ሆነ። ልጁ ቢሯቸው ድረስ መጥቶ አታባርሩብኝ ብሎ ለመነ፤ ዓመቱን ሙሉም ከዚያው ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ ሒሳብ ሲያስጠናው ከረመ።

ሆዱን አውጥተን ዴስኩን አስገባን። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ሁሉንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔ ያረምኩት አንዲት «ዘ» ብቻ ነው፤ እሷንም ተከራክረውኝ ነበር።